የሞርስቢ መንገድ

ከወደብ ከተማችን ከላኤ እስከ ዋና ከተማችን ፖርት ሞርስቢ በአውሮፕላን አርባ አምስት ደቂቃ ነው። በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ላገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ልጅ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጠየቅኩ። ያ ጥያቄ ያመጣብኝን ነገር ዛሬም ሳስበው ክው እላለሁ።

አባቴ ኪሲንግ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከላኤ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ ወደ ጎሮካና ወደ ማውንት ሀገን ተራራውን ይወጣል፤ ቡና ጭኖ ይወርዳል። እኛ ቤት ርቀት የሚለካው በእሱ ነበር። ጎሮካ ማለት አንድ ሌሊት ያለ አባት ማደር ነው፤ ሀገን ማለት ሦስት ሌሊት። ከቀኑ ካለፈ እናቴ ማዬንግ አንድ መልስ ብቻ ነበራት፦ «መንገዱ ተንዶ ነው። ሲጠረግ ይመጣል።» ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ተራራው እውነትም እየተናደ አስፋልቱ ላይ ይተኛ ስለነበር ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። በላኤ ለሥራ የረፈደበትም፣ ከሚስቱ የተደበቀም፣ ለሠርግ ያልደረሰም ሰው መንገዱ ተንዶብኝ ነው ይላል፤ ይታመንለታል።

አንድ ጊዜ ግን አባቴ ሄዶ ሳምንት ሞላው፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ሌቪን ቀስቅሳ፣ ልብሳችንን በሩዝ ከረጢት ጠቅጥቃ፣ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ወዳለችው እህቷ ወደ ሮዳ ቤት ወሰደችን። አክስቴ ሮዳ በሩ ላይ አገጬን ያዝ አድርጋ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በአዲሱ ትምህርት ቤት ስምሽ ዳማሪስ ቶቢ ነው፤ ገባሽ? ዳማሪስ ኪሲንግ የምትባል ልጅ የለችም» አለችኝ። ቶቢ የእሷ ባል ነው። አክስቴ ልጅ የላትምና እኛን ለራሷ ልትወስደን መሰለኝ። መፈለጌ በጣም አኮራኝ።

በዚያው ማታ ከቀርከሃው ግድግዳ ማዶ እናቴና አክስቴ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ልጅ በልጅ ብለዋል» አለች እናቴ።

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም። ሽማግሌዎቻቸው ሳይቀሩ። አባትየው ደግሞ ከተራራ ወርዷል አሉ። ትናንት ገበያ ላይ ታይቷል።»

እኔ ከዚህ ንግግር የገባኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጅ በልጅ ሊለዋወጡ ነው፤ እኛን ለሮዳ ሰጥታ እናቴ ሌላ ልጅ ልትወስድ ነው፤ ማን እንደሆነ አላወቅኩም እንጂ ቀናሁበት። ሁለተኛ፣ አባቴ መጥቷል፤ ገበያ ላይ ታይቷል። ሌሊቱን በደስታ ስገላበጥ አደርኩ።

ጠዋት ሻይ እየቀዳች ሳለ፣ «እማዬ፣ አባዬ ገበያ ላይ ታይቷል አይደል?» አልኳት።

ኩባያው ከእጇ ወደቀ። ሻዩ እግሯን ሲያቃጥላት እንኳ አልጮኸችም።

«አባትሽ ሞርስቢ ነው» አለች። «ሥራ አግኝቶ ሞርስቢ ሄዷል።»

ያ ውሸት እዚያው፣ ሻዩ ወለል ላይ ሲፈስ መወለዱን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን እናቴ የምትለው ሁሉ ለእኔ እውነት ነበር። በየወሩ ደብዳቤ መጣ ትለንና ወረቀት ዘርግታ ታነብልናለች። ወረቀቱ የክሊኒክ ካርድ ነበር። አባታችሁ ሰላም ብሏችኋል፣ ለትምህርታችሁ ጎብዙ ብሏል፣ ትልና ሌቪ «መቼ ይመጣል?» ሲላት አንደበቷ የለመደውን ያወጣዋል፦

«መንገዱ ተንዷል ይላል። ሲጠረግ ይመጣል።»

አክስቴ ሮዳ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። እናቴ ለምን እንደተጎሰመች አልገባትም፤ እኔም አልገባኝም።

የገባኝ የመሰለኝ ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪያችን ሚስ ቫጊ የሞርስቢ ባሕር ዳር ተወላጅ ናት፤ ስትናገር ዝግ ትላለች፣ ስትቆጣም ዝግ ትላለች። የዚያን ቀን ርቀትና ሰዓት እያስተማረችን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ላኤ–ጎሮካ፣ በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት፣ በመኪና ስድስት ሰዓት። ላኤ–ሀገን፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ፣ በመኪና ሙሉ ቀን። ላኤ–ሞርስቢ፣ በአውሮፕላን አርባ አምስት ደቂቃ። በመኪና የሚለው ስር ሰረዝ አድርጋ ጠመኔውን አስቀመጠች።

እጄን አወጣሁ። «ሚስ፣ በመኪና ስንት ሰዓት እንደሆነ መጻፍ ረሱ።»

«አልረሳሁም፣ ዳማሪስ። መንገድ የለም።»

«አለ እንጂ ሚስ! ተንዶ ነው እንጂ አለ! አባዬ የሚመጣው በእሱ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሚስ ቫጊ ግን አልሳቀችም፤ ካርታው ጋ ሄዳ ጣቷን ከላኤ አነሳች። «መኪና ከዚህ ይነሳና እዚህ ጋ ይቆማል። ከዚህ ወዲያ ተራራና ጫካ ነው። በዚያኛውም በኩል ከሞርስቢ የሚነሳው መንገድ እዚህ ያልቃል። እኔ ራሴ ለገና አገሬ የምገባው በአውሮፕላን ነው።»

«አባቷ መኪናውን አዝሎ ሊመጣ ነዋ!» አለ ከኋላ ብሩኖ የሚባል መናጢ። «አይዞሽ፣ ጎማው ብቻ ነው የሚከብደው!»

እስኪደወል ድረስ ቀና አላልኩም። ቤት ስደርስ ግን ነገሩን ፈትቼው ነበር። እናቴ አትዋሽም። ሚስ ቫጊም አትዋሽም። መንገዱ የለም፤ አባቴ ግን በመንገዱ ይመጣል። ሁለቱም እውነት የሚሆነው አንድ ነገር ከሆነ ብቻ ነው፦ መንገዱን የሚሠራው አባቴ ነው። ሞርስቢ ሥራ አገኘ የተባለው ይኸው ነው። ተራራና ጫካውን እየቆረጠ ወደ እኛ እየመጣ ነው።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር ቢቆርጡ ዓመት አይሞላም። ደብተሬ ጀርባ ላይ ሦስት መቶ ክቦች ሠርቼ በየቀኑ አንድ አንድ ማጥቆር ጀመርኩ። ለሌቪ እንኳ አልነገርኩትም።

መቶ አርባኛውን ባጠቆርኩበት ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ በዋናው መንገድ ዳር ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ተሰልፈው ሣር ያጭዳሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ልብስ ለብሰዋል፤ ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ ረጃጅም ማጨጃቸውን እኩል እየወረወሩ ወደ ከተማው ይጠጋሉ። ከኋላቸው ጠመንጃ ያነገተ ሰው ይከተላቸዋል፤ ከወንበዴ ሊጠብቃቸው መሰለኝ። ማዶ በዛፉ ጥላ ስር ቡአይ የሚሸጡ ሰዎች ምንጣፋቸውን ዘርግተው ፍሬውን ያኝካሉ፤ ቀይ ምራቃቸውን ጢቅ ይላሉ።

ከሰልፉ ሦስተኛው አባቴ ነበር። ፀጉር አልነበረውም፤ ከስቷል፤ ግን ግራ ትከሻውን ዘቅዘቅ አድርጎ የሚቆመው እሱ ብቻ ነው። መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ቀድመው ደረሱ! ቦርሳዬን ጥዬ ሮጥኩ።

«አባዬ! አባዬ! ደረሳችሁ! መንገዱን ጨረስከው!»

ማጨጃዎቹ ሁሉ ቆሙ። አንዱ እስረኛ ሳቀና ወዲያው ዝም አለ። ጠባቂው ጠመንጃውን አስተካክሎ፣ «ማነው አባትሽ?» አለኝ።

በጣቴ አሳየሁት። አባቴ አየኝ። ዐይኑ እኔ ላይ ያረፈው ለአንድ እስትንፋስ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በጭንቅላቴ ላይ አልፎ መንገዱን ተሻገረ።

«ተሳስታለች» አለ። «አላውቃትም።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ፤ ዳማሪስ።»

«ኪሲንግ፣ ያንተ ናት እንዴ?» አለ ጠባቂው።

ከዛፉ ስር ቀይ የሹራብ ኮፍያ ያደረገ አጭር ደንዳና ሰው ተነሥቶ መንገዱን እያቋረጠ ወደ እኛ መጣ። አባቴ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ የሚናገረው ለእኔም ለጠባቂውም አልነበረም።

«የእኔ ልጆች ሞርስቢ ናቸው» አለ። «በአውሮፕላን አርባ አምስት ደቂቃ ነው። በመኪና አይደረስባቸውም።»

የእኔ ልጆች ሞርስቢ ናቸው። ሌሎች ልጆች አሉት ማለት ነው። በእኛ ምትክ ሌሎች ወልዷል፤ ያወራበት ድምፅ ደግሞ የሚኮራባቸው ይመስላል።

ባለ ኮፍያው ሰው አጠገቤ ሲደርስ ጎንበስ አለ። አፉ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነበር። «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እናት?»

አባቴን አየሁት። ማጨጃውን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ማጨዱን ግን ትቷል። ደክሞት መሰለኝ። ውስጤ እንደ እሳት ነደደ፤ የማደርገውን አጣሁና፣ እሱን የሚያመውን ነገር ፈልጌ አወጣሁ።

«የቶቢ ልጅ ነኝ» አልኩ። «የበፊቱ አባቴ ሞቷል። ይሄ አይደለም። አባቴ ሞቷል!»

ባለ ኮፍያው ሰው ቀና ብሎ አባቴን አየው፤ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቦርሳዬን አንሥቶ አቧራውን አራገፈልኝ፤ ምንጣፉ ጋ ወስዶም አንድ እስር ኦቾሎኒ ሰጠኝ። «ወደ ቤትሽ ሂጂ። መንገድ ላይ አትሩጪ፤ መኪና አለ» አለኝ። ኦቾሎኒውን እየበላሁ ሄድኩ። ከኋላዬ የማጨጃዎቹ ድምፅ እንደገና ሲጀምር ሰማሁ፤ ዞር ብዬ አላየሁም።

ቤት ስደርስ ክቦቹን የሣልኩበትን ገጽ ቀደድኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አባቴ ቤት መጣ። ወደ ቀድሞ ቤታችን ተመለስን፤ ስሜም ኪሲንግ ሆነ። ሌቪ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «በምን መጣህ?» ሲለው፣ «በአውሮፕላን» አለ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። «ዳማሪስ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እንደምን ዋሉ» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ አልኩት። ጎረቤት ጨዋነቴን አደነቀ፤ ሌቪ ሳቀብኝ። አባቴ ግን ገብቶታል። «ይብሉ፣» «ይምጡ፣» «እናቴ ትጠራዎታለች» ስለው በየጊዜው አንገቱን ደፋ አድርጎ ይቀበለኝ ነበር። መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም፤ ጓሮውን እያረሰ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሣር እያጨደ ኖረ። እኔም በልቤ፣ ልቡ ሞርስቢ ነው እያልኩ ኖርኩ። አሥራ አንድ ዓመት!

ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ ሞርስቢ ነው። እዚያ አራት ዓመት ስማር ልጆቹን ስፈልግ ነበር። የአባቱ ስም ኪሲንግ የሆነ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ቤተሰቡን አጣራለሁ። እንዲያውም አንዲቱን ልጅ ጆሮዋ የአባቴን ጆሮ መሰለኝና በአውቶቡስ እስከ ቤቷ ተከትያታለሁ። ስመረቅ የአውሮፕላን ቲኬት ላክሁ፤ ለእናቴ ብቻ። አባቴ ለምን ለእኔስ አላለም።

እናቴ በሕይወቷ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነበር። ከምረቃው በኋላ መኝታ ክፍሌ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ይሄ ነው እንዴ ሞርስቢ ሞርስቢ የሚባለው? ወሬ እንኳ ሳልጀምር ደረስን!» ትላለች። አብሬያት ስቄ ሳበቃ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የያዝኩትን አወጣሁት።

«በይ እንግዲህ እማዬ፣ አሁን እነሱ ጋ ውሰጅኝ። አልቆጣም።»

«እነማን ጋ?»

«የእሳቸው ልጆች ጋ። ሞርስቢ ያሉት።»

«የምን ልጆች?»

«ራሳቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። መንገድ ዳር ሣር ሲያጭዱ። የእኔ ልጆች ሞርስቢ ናቸው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

እናቴ አንዱን ጫማ እንደያዘች ቀረች። «አምላኬ» አለች። «አምላኬ! እስከ ዛሬ እንደዚያ መስሎሽ ነው?» ከዚያ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ነገረችኝ።

አባቴ ቡና ጭኖ ሲወርድ፣ ተራራው ላይ ባለ አንድ ገበያ አጠገብ፣ ያመለጠውን ብርቱካን ሊይዝ የሮጠ አንድ ልጅ ከጎማው ስር ገብቶ ሞተ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባቴ ራሱ ፖሊስ ጋ ሄዶ እጁን ሰጠ፤ ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ የታሰረውም እዚያው ላኤ ነበር። ከእኛ ቤት በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ! የልጁ ወገኖች ግን በፍርዱ አልረኩም። ልጅ በልጅ አሉ። ገበያ ላይ ታየ የተባለው አባትየው የሟቹ ልጅ አባት ካውፓ ነበር፤ ከተራራ ወርዶ፣ እስረኞቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቡአይ እየሸጠ፣ የሹፌሩ ልጆች የት እንዳሉ ሲያነፈንፍ የከረመ።

ቀይ ኮፍያ። ኦቾሎኒ።

«ለእናንተ እሱን ሞርስቢ ነው አልኳችሁ» አለች እናቴ። «ልጠይቀው ስሄድ እሱም፣ ካውፓ ከጠየቀ እኔ ልጆቹን ሞርስቢ ናቸው እለዋለሁ አለኝ። መንገድ የለማ! ደሀ ሰው በምን ይሄዳል? ያቺ የሌለች መንገድ ናት የጠበቀቻችሁ።»

«እና ካውፓ አመነ?»

እናቴ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አባቴ ሲፈታ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ አሳማ ታርዶ ዕርቅ ወረደ። የዚያን ዕለት ካውፓ ለአባቴ በሰው ፊት የነገረውን እናቴ ቃል በቃል ይዛዋለች፦

«ልጅቷን ገና እየሮጠች ስትመጣ አውቄያታለሁ። ልጅ አባቱን አይስትም። ቢላዬ ከምንጣፉ ስር ነበር። አባቴ ሞቷል ስትል ግን ፊትህን አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ የእኔ ፊት ነው። ልጁን አጥቷል፣ ሌላ ምን ልውሰድበት አልኩ። በማግስቱ አገሬ ገባሁ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሕይወቴን ያተረፈልኝ ያ የጭካኔ ቃሌ ነበር፤ አባቴም ዋጋውን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንቱታዬን እየተቀበለ ሲከፍል ኖሯል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኛማ ከሰው ሰምተሽ፣ የተቆጣሽው ሰው ስለገደለ መስሎን!» አለች። «ልንገራት ስለው፣ ተያት፣ እውነቷን ነው፣ ይለኛል።»

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላን ላይ ነበርን። አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው በሚኒባስ ደግሞ ከበረራው ይረዝማል፤ ያን የመሰለ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። ቤት ስንደርስ እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ደጅ ቀረች፤ እኔ በጓሮ ዞርኩ።

አባቴ ሣር ያጭዳል። ግራ ትከሻው ዘቅዘቅ ብሏል። ዐይኖቹን ሞራ ከጋረዳቸው ቆይቷል፤ ኮቴዬን ሲሰማ ማጨጃውን ይዞ ቆመ። ቀሚሴን ብቻ ለይቶ፣ የሰፈር ልጅ ዕቃ ልትዋስ የመጣች መስሎት ነው መሰለኝ፣ ፈገግ አለ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ካውፓ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

«ያንተ» አልኩት።

ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። ያቺን ቃል መስማቱን ሊያምን አልቻለም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ሰጠኝ። ከዚያ በቀስታ፣ እንዳልጠፋበት የፈራ ይመስል፣ ጠየቀኝ።

«በምን መጣሽ?»

«በመንገዱ» አልኩት። «ጨርሰኸው የለ እንዴ፣ አባዬ።»

ማጨጃውን ሣሩ ላይ ጣለው፤ ሁለት እጁንም ወደ ድምፄ ዘረጋ።